ሃምሳ ሎሚ በአንድ ሻንጣ

ባለፈው የበጋ ዕረፍት አያታችንን ለመሸኘት ወደ ቤን ጉሪዮን ሄድን። እማማ ከሃያ ዓመት በላይ ያላዩዋቸውን እህታቸውን ለማየት ወደ ጎንደር መሄዳቸው ነበር። ሦስት የልጅ ልጆች አጅበናቸው፣ ሁለት ትልልቅ ሚዝቫዳዎች እየገፋን ተርሚናል 3 ገባን።

ወረፋው ላይ የጥበቃ ሠራተኛዋ እንደ ደንቡ ጠየቀች። «ሻንጣውን ያሰናዳው ማነው? ሰው የሰጣችሁ ዕቃ አለ?» እኛ ተረጎምን። እማማ ውሸት አያውቁምና፣ «አዎን ልጄ፣ ከነታንያ የተላከ አለ፣ ከጎረቤት የተሰጠኝ አለ፣ ይኼ በፌስታል የታሰረው ደግሞ የማን እንደሆነ ረስቼዋለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት አይከብድም። ሻንጣዎቹ ለብቻ ተወስደው ተፈተሹ፤ እኛም ረጅም ሰዓት ቆምን።

ፍተሻው አልቆ ሚዛን ላይ ስንደርስ አንደኛው ሻንጣ 29 ኪሎ፣ ሁለተኛው 16 ኪሎ ሆነ። በድምሩ 45 ኪሎ ማለት ነው። ትኬቱ የሚፈቅደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ፣ በድምሩ 46። ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች ነንና ሂሳቡን በኩራት ደምረን «እንዲያውም አንድ ኪሎ ይተርፋል» ብለን ተከራከርን። ሠራተኛዋ ግን ድምሩን አልጠየቀችንም። ደንቡ እያንዳንዱን ሻንጣ ለብቻው ነው የሚመዝነው። ስለዚህ ወይ ለትርፉ 6 ኪሎ መክፈል፣ ወይ እዚያው ማዛወር ነበረብን።

እዚያው መሬት ላይ ከፈትነው። የሕፃናት ጫማ፣ የሴት ልብስ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ብርጭቆ፣ ሁሉም ወረፋ በሚጠብቀው ሰው ፊት ወጣ። እማማ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው የራሳቸው ልብስ ላይ ጣል አደረጉበት። ስድስቱን ኪሎ አዛወርን፤ አንዱ 23፣ ሌላው 22 ሆነ፤ አንዲት ሰቅል አልከፈልንም። በመኪና ወደ ቤት ስንመለስ ግን ማናችንም አልተናገርንም።

ሲመለሱ ደግሞ እኛ ቦሌ አልነበርንም። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ቡና የሞላበት ሦስተኛ ጥቅል ተጨመረባቸው፤ ለእሱም ከእህታቸው ልጅ ተበድረው ከፈሉ። ገንዘቡ እናታችን በጽዳት ሥራ ሁለት ቀን ከምታገኘው ይበልጥ ነበር።

ይህን የምንጽፈው እማማን ለማማት አይደለም። ይህን መጽሔት ከምታነቡት መካከል ተመሳሳይ ታሪክ የሌለው ቤት ጥቂት እንደሚሆን ስለምናውቅ ነው። ሐሳባችንም ይህ ነው፦ ለትርፍ ኪሎ የሚከፈለው ገንዘብ አብዛኛው በሻንጣው ክብደት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ደንቡ ለወላጆቻችን በሚገባቸው መንገድ ስለማይደርሳቸው የሚከፈል ነው። ግማሹ ጥፋት የሻጮቹ ከሆነ፣ ግማሹ ደግሞ የእኛ ነው።

በመጀመሪያ እኛ ራሳችን ያላወቅነውን እንናገር። አየር መንገዶች ሻንጣን የሚቆጥሩት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በቁራጭ ነው፤ ስንት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ ስንት ኪሎ ተብሎ ይወሰናል። ሌላው በጠቅላላ ክብደት ነው፤ ለምሳሌ 30 ኪሎ ከተፈቀደ በአንድ ወይም በሁለት ሻንጣ ማከፋፈል ይቻላል። ትኬቱ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ «ፒሲ» የሚሉ ፊደላት ካሉ በቁራጭ ነው፤ «ኬ» ወይም «ኬጂ» ካለ በክብደት ነው። በቁራጭ በሚቆጠርበት ትኬት የአንዱ ሻንጣ ጉድለት የሌላውን ትርፍ አይሸፍንም። የባልና የሚስት ሻንጣም ቢሆን በአብዛኛው እንዲሁ ነው። እኛ ተርሚናሉ ውስጥ የተከራከርነው የአንዱን ዓይነት ትኬት ይዘን በሌላው ደንብ ነበር።

በተራ መቀመጫ በብዛት የሚታየው ልክ በአንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥም ይጠየቃል። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነን ሻንጣ ግን ብዙ አየር መንገዶች ገንዘብ ቢከፈልበትም አይቀበሉም፤ መከፈል አለበት። ይህ ለክፋት የወጣ ደንብ አይደለም። ሻንጣውን አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የሚያስገባው የሰው ወገብ ነው። የአንዳንዶቻችን አባቶች በመጋዘን ዕቃ በማንሳት ወገባቸውን የተጎዱ ስለሆኑ፣ ይህን ደንብ ከማንም በላይ ልናከብረው ይገባል።

በእጅ የሚያዘውም ሚዛን አለው። ብዙ ጊዜ 7 ወይም 8 ኪሎ ነው። «በትከሻዬ እይዘዋለሁ» የተባለው ቦርሳ ሚዛን ላይ ሲወጣ 13 ኪሎ ሆኖ ሲገኝ አይተናል። ደግሞም በጣም ርካሹ ትኬት ብዙ ጊዜ የሚጫን ሻንጣ አያካትትም። ሁለት ትኬቶች ስናወዳድር ዋጋቸውን ብቻ ሳይሆን ዋጋውን ከነሻንጣው ማወዳደር አለብን። ሃምሳ ዶላር የቀነሰ ትኬት፣ ሻንጣ ሲጨመርበት መቶ ሊጨምር ይችላል።

ወደ ጎንደር ለሚሄዱት ሌላም ወጥመድ አለ። ከቴል አቪቭ አዲስ አበባ በአንድ ትኬት፣ ከአዲስ አበባ ጎንደር በሌላ ትኬት ከተገዛ፣ የአገር ውስጡ በረራ የራሱን ደንብ ይከተላል። እስከ ቦሌ ያለ ክፍያ የደረሰ ሻንጣ እዚያ ሊያስከፍል ይችላል። ሁሉም በአንድ ትኬት ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ለጉዞው በሙሉ አንድ ደንብ ይሠራል። ትርፍ ሻንጣ መኖሩ ቀድሞ የታወቀ እንደሆነም፣ ከበረራው በፊት በአየር መንገዱ ድረ ገጽ ወይም በስልክ መግዛት ሚዛኑ ፊት ቆሞ ከመክፈል ብዙ ጊዜ ይረክሳል። እማማ ሦስተኛውን ጥቅል ከሁለት ቀን በፊት ነግረውን ቢሆን ኖሮ ከዚሁ ከቤታችን ልንከፍልላቸው እንችል ነበር። አልነገሩንም፤ ሊነገር የሚገባው ነገር መሆኑን አላወቁም፤ እኛም አልጠየቅናቸውም።

ስለ ደንብ ከተነሳ መብትም አለ። እስራኤልም ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት አባላት ናቸው። በዚህ ስምምነት መሠረት የተጫነ ሻንጣ ተሰብሮ ወይም ተጎድቶ ቢገኝ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይገባል። የዘገየ ከሆነ ደግሞ ሻንጣው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ሻንጣው መድረስ ከነበረበት ቀን በኋላ 21 ቀን አልፎ ካልመጣ እንደጠፋ ይቆጠራል፤ ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። የካሣው ጣሪያ ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 «ልዩ የገንዘብ ማውጫ መብት» በሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው፤ ወደ 2,000 ዶላር ገደማ ይሆናል። ይህ ጣሪያው ነው እንጂ ለሁሉም የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም፤ የጠፋውን ማስረዳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሻንጣው ከመዘጋቱ በፊት ውስጡን በስልክ ፎቶ ማንሳት፣ በመመዝገቢያው የሚሰጠውን ተለጣፊ ወረቀት አለመጣል፣ ጉዳት ከታየም ከአዳራሹ ሳይወጡ ማስመዝገብ ነው።

ገንዘብ፣ ወርቅ፣ ሰነድና በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት በእጅ ይያዝ። ፓወር ባንክም በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ባትሪው በእሳት ቢያያዝ ማየትና ማጥፋት የሚቻለው ሰው ባለበት ነውና። በእጅ ሻንጣ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ይፈቀዳል፤ የተለመደው 20,000 ሚሊ አምፔር የሚባለው 74 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። ዘመድ የላከውን አዲስ ፓወር ባንክ ከልብሱ መካከል የደበቀ ሰው ሻንጣው ተከፍቶ ይጠበቃል።

እንግዲህ አንዳንዱ አንባቢ «ይህ ሁሉ እኮ ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ የመንገደኛው ኃላፊነት ነው» ይል ይሆናል። ተጽፏል፤ ግን በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው? ለወላጆቻችን ትኬት የሚሸጠው ሰው ብዙ ጊዜ በስልክ በጥሩ አማርኛ ነው የሚያናግራቸው። ዋጋው በአማርኛ ይነገራል፣ ቀኑ በአማርኛ ይነገራል፣ የካርድ ቁጥሩ በአማርኛ ይወሰዳል። የሻንጣው ደንብ ሲሆን ግን በእንግሊዝኛ ወይም በዕብራይስጥ በተጻፈ ሰነድ ወደ ስልካቸው ይላካል። መሸጫው በአማርኛ፣ ማስከፈያው በእንግሊዝኛ ከሆነ ገዢው ምን እንደገዛ አያውቅም።

በማኅበራዊ ሥራ ትምህርታችን «ሚጹይ ዝኹዮት» የሚለውን ቃል ደጋግመን እንሰማለን። በወረቀት ላይ ያለ መብት ወደ ባለመብቱ እጅ እንዲደርስ ማድረግ ማለት ነው። መምህሮቻችን ምሳሌ ሲሰጡ የቢጡዋህ ሌኡሚ ድጎማን፣ የመኖሪያ ቤት እርዳታን ይጠቅሳሉ። እኛ ግን ቃሉን ሳንማር በፊት ሥራውን እናውቀው ነበር። ገና በስምንት ዓመታችን የኩፓት ሆሊም ደብዳቤ ተርጉመናል፤ በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ ስለ ራሳችን ጥፋት ራሳችን አስተርጉመናል። ሻንጣ ከእነዚህ ሁሉ ትንሹ ነው። ትንሽ በመሆኑም «ለዚህማ ማን ይቸገራል» ተብሎ ይታለፋል፤ ዋጋውን ግን የሚከፍለው ሁልጊዜ ያው ሰው ነው።

አሁን ወደ እኛ ድርሻ እንምጣ። የእማማ ሻንጣ 45 ኪሎ የሆነው በእማማ ዕቃ አይደለም። የእሳቸው 10 ኪሎም አይሞላ። የቀረው አደራ ነው። «ለእህቴ ልጅ ይህችን ጫማ»፣ «ለአጎቴ ይህችን ጃኬት»፣ «አንድ ኪሎ እንኳ አትሆንም» እየተባለ የመጣ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ተብሎ ያደገ ትልቅ ሰው እንቢ አይልም። ላኪው ደግሞ ትርፍ ኪሎ እንደሚያስከፍል አያስብም።

«እንግዲያው አደራ ይቅር» ማለት ቀላል ነው። እኛ ግን አንልም። ግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ብዙ ሰው እንዲጭኑ የአውሮፕላኖቹ መቀመጫ ተነቅሎ ነበር። ለሻንጣ ቦታ አልነበረም። ከዚያ በፊት በሱዳን በኩል በእግር የመጡትም በትከሻቸው ከቻሉት በላይ አልያዙም። ወላጆቻችን ወደዚህ አገር የገቡት ባዶ እጃቸውን ነው ማለት ይቻላል። ዛሬም ጎንደርና አዲስ አበባ ተራ የሚጠብቁ ዘመዶች አሏቸው። ለእነሱ የሚላክ ጫማ ጫማ ብቻ አይደለም፤ አልረሳናችሁም ማለት ነው። ከዚያ የሚመጣው በርበሬም እንዲሁ ነው። በርበሬ እዚህ በየሱቁ ይሸጣል፤ የእማማ እህት በእጃቸው ያዘጋጁት ግን አይሸጥም።

ስለዚህ አደራው ይኑር፣ ግን ይመዘን። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። እኛ ሃምሳውን ሎሚ በአንዲት አሮጊት ሻንጣ ውስጥ ከተን ጌጡን ለራሳችን፣ ሸክሙን ለእሳቸው ትተናል። አምስት ኪሎ የላከ ሰው የአምስቱን ኪሎ ዋጋ ቢካፈል አያሳፍርም። አንዳንድ ጊዜም ጫማውን ከመላክ የጫማውን ዋጋ መላክ ይሻላል፤ ተቀባዩ በልኩ ይገዛል፣ ሻንጣውም ይቀላል።

አደራ ተከፍቶ ይሰጥ፤ ተሰፍቶና ታስሮ አይሁን። ይህ ከገንዘቡም ይበልጣል። ያላየነውን ነገር ተሸክመን «አላውቀውም» ማለት በየትኛውም አውሮፕላን ማረፊያ ከባድ ነገር ነው። የማን እንደሆነ ያልተጻፈበት መድኃኒት ለሌላ ሰው መያዝም እንዲሁ። ትልቅ ሰው ፊት ይህን መናገር እንደሚከብድ እናውቃለን። የከበደውን ሥራ ደግሞ ልጆች መውሰድ አለብን። «እትዬ፣ እማማ ይዘውልዎት ይሄዳሉ፤ ግን ሲጠየቁ እንዳይቸገሩ አብረን እንየውና እንመዝነው» ብሎ በአክብሮት የሚናገር የልጅ ልጅ ነውር አልሠራም። እንቢታው ከእኛ አፍ ቢወጣ እማማ ከሐሜት ይድናሉ።

ለማኅበራችን ያለን ጥያቄ ትልቅ በጀት አይፈልግም። በየቅርንጫፉ አንድ አንድ የእጅ ሚዛን ይቀመጥ፤ ዋጋው ከሁለት ሦስት ፋላፌል አይበልጥም፤ የሚጓዝ ቤተሰብ ያለው ተማሪ ወስዶ ይመልሳል። ሁለተኛ፣ የሻንጣ ደንብ በአማርኛ በአንድ ገጽ ይዘጋጅ። ግን በጽሑፍ ብቻ አይቅር። ከአያቶቻችን ብዙዎቹ አማርኛም ቢሆን አያነቡም፤ ከትምህርት ቤት ሩቅ በሆነ መንደር ያደጉ ናቸው። ተርጉሞ ማስቀመጥ ብቻ ሥራችንን ጨርሰናል ማለት አይደለም። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ድምፅ ቀርጾ በዋትስአፕ መላክ ከአሥር ገጽ ወረቀት የበለጠ ይደርሳል።

ሦስተኛ፣ ትኬት ለሚሸጡልን ወኪሎች አንድ ዓይነት ጥያቄ እናቅርብ። ካርዱ ከመከፈሉ በፊት ስንት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ ስንት ኪሎ፣ በመሄጃና በመመለሻ እኩል ነው ወይ የሚለውን በአማርኛ ይናገሩ፤ የተናገሩትንም በድምፅ መልእክት ይላኩ። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢጠይቅ ላይሰሙ ይችላሉ። ሁላችንም ከጠየቅን ግን ደንበኞቻቸው እኛ ነንና ይሰማሉ።

እማማ ለሚቀጥለው ፋሲካ እንደገና ሊሄዱ ያስባሉ። ከሳምንት በፊት ሚዛኑን ገዝተን ወሰድንላቸውና አሠራሩን አሳየናቸው። ማንበብ ስለማይችሉ 23 የሚለውን ቁጥር በወረቀት ጽፈን ቁም ሳጥናቸው ላይ ለጠፍንላቸው፤ ሚዛኑ ላይ የሚወጣውን ከወረቀቱ ጋር ያስተያያሉ። ትናንት ደውለው፣ «ከነታንያ ሌላ ጃኬት መጥቷል» አሉን። ምን አሏቸው ብለን ጠየቅን። «መጀመሪያ ልጆቼ ይመዝኑት አልኋቸው» አሉ።